የአውሮፕላን ሞተር አፍ ለምን ይጠባል፣ ለምን ይሰፋል?

ስለ ጄት ሞተር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ የሚያርፉ ሆነው ስላገኘናቸው፣ በዚህ ዕትም አምዱን በሙሉ ለዚያው ሰጥተነዋል። ጉዳዩ የሞተሩ የአየር ማስገቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ያደግሁት በቢሾፍቱ፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምትባለው ከተማ፣ ከአየር ኃይሉ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሚግ-21 የተባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው ክፍት ሆኖ በክፍተቱ መካከል እንደ እንዝርት ጫፍ የሾለ ነገር ተሰክቶበት አይ ነበር። በቅርቡ በአውሮፕላን ጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን፣ ያ ሾጣጣ በበረራ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እንደሚንቀሳቀስ ነገሩኝ። እውነት ነውን? ከሆነስ ለምን?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ከሾጣጣው በፊት በሞተሩ መጀመር ይሻላል። በጄት ሞተር ፊት ለፊት ያለው ክፍል ኮምፕረሰር ይባላል፤ ረድፍ በረድፍ በተደረደሩ ብሌዶች አየሩን እየጨመቀ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይልካል። እነዚህ ብሌዶች አየሩ ከድምፅ ፍጥነት ግማሽ ገደማ በሆነ እርጋታ፣ በሁሉም በኩል በእኩል ግፊት እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። አውሮፕላኑ ለመነሣት ሲንደረደርም ሆነ ከድምፅ በእጥፍ ሲፈጥን ይህ ፍላጎታቸው ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው የውጭው አየር ነው፤ ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ በሙሉ በማስገቢያው ላይ ይወድቃል።

የሥራውን ክብደት ቁጥሩ ይናገራል። ከ11,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ አየሩ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚቀዘቅዝበት ስፍራ፣ የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚህ እጥፍ ማክ 2 ይባላል። በማክ 2 የሚበር ሚግ-21 በየሰከንዱ ወደ 590 ሜትር የሚሮጥ አየር ይገጥመዋል፤ ይህ አየር ኮምፕረሰሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በሰከንድ ወደ 190 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። ለማዘግየት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ አየሩ ሲዘገይ የሩጫው ጉልበት ወደ ግፊት እንጂ ወደ ከንቱ ሙቀት እንዳይለወጥ ማድረጉ ላይ ነው።

ከድምፅ በታች በሚበር አውሮፕላን ፊት ያለው አየር መጪውን ነገር አስቀድሞ “ይሰማል”፤ የግፊት ለውጥ በድምፅ ፍጥነት ስለሚጓዝ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ይደርስና አየሩ ቀስ በቀስ መንገድ ይለቃል። ከድምፅ በላይ በሚበር አውሮፕላን ፊት ያለው አየር ግን ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። ስለዚህ የሚዘገየው ከወረቀት እጅግ በሳሳ ስፍራ ላይ፣ በቅጽበት ነው፤ ይህ ስፍራ በሙያው ቋንቋ ሾክ ዌቭ ይባላል፤ ባጭሩ ሾክ እንበለው። በአየሩ ጉዞ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሾክ አየሩን በአንድ ጊዜ ከድምፅ በታች ያወርደዋል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። በማክ 1.3 ላይ ከአየሩ ጠቅላላ ግፊት፣ ማለትም አየሩ ያለ ኪሳራ እስኪቆም ቢዘገይ ከሚኖረው ግፊት፣ 98 ከመቶ ያህሉ ስለሚተርፍ ኪሳራው አያሳስብም። በማክ 2 የሚተርፈው 72 ከመቶ፣ በማክ 3 ደግሞ 33 ከመቶ ብቻ ነው። ማስገቢያው ላይ የባከነ ግፊት ደግሞ ከሞተሩ የመግፋት ኃይል ላይ በቀጥታ ይቀነሳል።

መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጀርመን ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ክላውስ ኦስቫቲትሽ በግልጽ አሳየ። አየሩን በአንድ ብርቱ ሾክ ከማስደንገጥ ይልቅ፣ መጀመሪያ በአንድ ወይም በብዙ ሰያፍ ሾኮች ጥቂት በጥቂት ማዘግየት፣ ከዚያም በተዳከመ ቀጥ ያለ ሾክ ከድምፅ በታች ማውረድ እጅግ ያነሰ ኪሳራ ያስከትላል። ከሁለት ሜትር ከፍታ ከመዝለልና በደረጃ ከመውረድ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። በልጅነትዎ ያዩት ሾጣጣ ይህ ደረጃ ነው፤ ከጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሰያፍ ሾክ ይነሣና አየሩን ያዘገየዋል።

አሁን የእንቅስቃሴው ምክንያት ይታያል። የዚያ ጃንጥላ ማዕዘን ከፍጥነት ጋር ይለዋወጣል። በጣም ደካማ የሆነ ሾክ በማክ 1.5 ላይ ከጉዞው አቅጣጫ ወደ 42 ዲግሪ፣ በማክ 2 ላይ 30 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ከሾጣጣ የሚነሣው ሾክ ከዚህ ጠንከር ስለሚል ማዕዘኑ ሰፋ ይላል፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ወደኋላ መታጠፉ ግን አይቀርም። ሾኩ በማስገቢያው ጠርዝ ላይ ወይም ከጠርዙ ጥቂት ፊት ሲያርፍ ነገሩ ሁሉ የሰመረ ይሆናል። ከጠርዙ ርቆ ወደ ውጭ ካለፈ ሊገባ የሚገባው አየር በጎን እየፈሰሰ አውሮፕላኑን ወደኋላ ይጎትታል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ የኮምፕረሰሩን አየር ያውካል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲጨምርና ጃንጥላው ሲታጠፍ ሾጣጣው ወደፊት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሚግ-21ኤፍ-13 ላይ ሾጣጣው ሦስት ማረፊያዎች ብቻ ነበሩት፦ እስከ ማክ 1.5 ወደ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ከዚያ እስከ ማክ 1.9 በመካከለኛው፣ ከማክ 1.9 በላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ። እርስዎ ሳያይዋቸው ያልቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ወደ አገራችን የገቡት የኋለኞቹ ዓይነቶች ግን ሾጣጣቸው ያለማቋረጥ ከፍጥነቱ ጋር የሚስተካከል ነው፤ በሾጣጣው ውስጥም ራዳሩ ተቀምጧል። መሬት ላይ የቆመ ሚግ ሾጣጣው ስለማይንቀሳቀስ በልጅነትዎ ሳያስተውሉት ቢቀሩ አይገርምም።

ጥያቄ፦ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ አሜሪካው የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ባነበብሁት ጽሑፍ ፍጥነቱ ሲጨምር ሾጣጣው ወደኋላ እንደሚሸሽ ተገልጿል። ስለ ሚግ-21 ሲነገር ደግሞ ወደፊት ይወጣል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷልን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ይህን ልዩነት አስተውለው መጠየቅዎ በጣም አስደስቶናል፤ ብዙ ጽሑፎች ሳያብራሩት ያልፋሉና።

በሚግ-21 አየሩ ከድምፅ በታች የሚወርደው በማስገቢያው በር ላይ ነው፤ ቀጥ ያለው ሾክ ጠርዙ ዘንድ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚሄደው አየር ሁሉ የረጋ ነው። እስከ ማክ 2 አካባቢ ይህ ያዋጣል። በማክ 3.2 ግን አየሩን ሁሉ በውጭ በኩል ለማዘግየት ከተሞከረ እጅግ ብዙ ማጠፍ ስለሚያስፈልግ የማስገቢያው ሽፋን ወደ ውጭ መንጋደድ ግድ ይሆንበታል፤ መጎተቱም ይበዛል። ስለዚህ የኤስአር-71 መሐንዲሶች ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ ከፊሉን የማዘግየት ሥራ ከበሩ ውጭ፣ ከፊሉን በማስገቢያው ውስጥ እየጠበበ በሚሄድ ጉሮሮ አደረጉት። ቀጥ ያለው ሾክ የሚቆመው ከዚህ ጉሮሮ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው።

ጉሮሮው የሚፈጠረው በሾጣጣው ሆድና በዙሪያው ባለው ሽፋን መካከል ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ጉሮሮው ሰፊ መሆን ስላለበት ሾጣጣው ወደፊት ወጥቶ ይቆያል። ከማክ 1.6 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደኋላ ይሳባል፤ በማክ 3.2 ላይ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይገኛል። ይህ ስበት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያከናውናል፤ ጉሮሮውን ያጠብባል፣ በበሩ ፊት የሚያዘው የአየር ስፋት ደግሞ እንዲጨምር ያደርጋል። በሚግ-21 ዋናው ጉዳይ ሾኩን ጠርዝ ላይ ማቆየት ነው፤ በኤስአር-71 ዋናው ጉዳይ የጉሮሮው ስፋት ነው። አቅጣጫቸውን ተቃራኒ ያደረገው ይህ ነው።

የውስጡ ጉሮሮ ትርፉ ብዙ ቢሆንም አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ሾኩ ከጉሮሮው ወዲያ እንዲቆም የሚያደርገው በፊቱና በኋላው ያለው ግፊት መመጣጠኑ ነው። ሚዛኑ ጥቂት ከተዛባ ሾኩ ጉሮሮውን ጥሶ ከበሩ ውጭ ይዘረገፋል፤ የሚገባው አየር በቅጽበት ይቀንሳል፤ የሞተሩ ኃይልም ይወድቃል። አሜሪካኖቹ ይህን “አንስታርት” ይሉታል። ሞተሮቹ በክንፎቹ ላይ ተራርቀው ስለሚገኙ አውሮፕላኑ ወደ ተጎዳው ሞተር በኩል በኃይል ይዞራል፤ የበረራ ሠራተኞቹ የራስ ቁር ከመስኮቱ ጋር እስኪጋጭ ድረስ ይናጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1966 አንድ ኤስአር-71 ከማክ 3 በላይ እየበረረና ወደ ጎን አዘንብሎ እየዞረ ሳለ የቀኝ ማስገቢያው ይህ ደርሶበት በአየር ላይ ተበታተነ፤ ከሁለቱ ሠራተኞች አብራሪው ሲተርፍ ጓደኛው ሞተ። ከጊዜ በኋላ የመጀመሪያዎቹ መቆጣጠሪያዎች በዲጂታል ኮምፒዩተር ሲተኩ ችግሩ እጅግ ቀነሰ። መድኃኒቱ ሾጣጣውን ወደፊት ማውጣት፣ ትርፍ አየር የሚያስወጡትን በሮች መክፈት፣ ሾኩ ወደ ቦታው ሲመለስ ሾጣጣውን እንደገና ወደኋላ መሳብ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን እንዳይዞር ሲባል ጤነኛው ማስገቢያ እንኳ አብሮ ይህንኑ እንዲፈጽም ይደረግ ነበር።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በፓሪስ ነው። በለ ቡርዤ የአቪዬሽን ሙዚየም ከድምፅ በላይ ይበር የነበረውን የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ኮንኮርድን፣ ከሥሩ ቆሜ ስመለከት ከክንፉ በታች አራት ማዕዘን ሣጥኖች አየሁ። አስጎብኚው ከአውሮፕላኑ የመግፋት ኃይል 63 ከመቶ የሚሆነው ከእነዚህ ሣጥኖች ይመጣል አሉን። ነዳጅ የማያቃጥል ባዶ ሣጥን እንዴት አውሮፕላን ይገፋል?

መልስ፦ አስጎብኚው የጠቀሱት ቁጥር ኮንኮርድ በማክ 2 ሲጓዝ ስላለው ሁኔታ በሰፊው የሚነገር ነው፤ 63 ከመቶ ማስገቢያው፣ 29 ከመቶ የጭስ ማውጫው፣ 8 ከመቶ ብቻ ሞተሩ። አባባሉ ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል።

በመጀመሪያ ሣጥኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሞተሩ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ሰፊ አፍ ይፈልጋል። በሣጥኑ ጣሪያ ላይ ያሉት ሁለት ሰሌዳዎች ወደ ላይ ተሰብስበው በሩን ይከፍታሉ፤ ከሥር ያለው ትርፍ በርም ተከፍቶ ተጨማሪ አየር ያስገባል። ከድምፅ ፍጥነት በፊት የሥሩ በር ይዘጋል። ከማክ 1.3 በኋላ የፊተኛውና የኋለኛው ሰሌዳ በሃይድሮሊክ ኃይል እየተገፉ ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ፤ አፉ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከጣሪያው ጠርዝና ከፊተኛው ሰሌዳ የሚነሡት ሰያፍ ሾኮችም በታችኛው ጠርዝ አካባቢ ይገናኛሉ። በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል የተተወው ክፍተት ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ የሚጎተተውን ደካማ የአየር ሽፋን ይመጥጠዋል፤ ይህም አየር አይጣልም፣ በሞተሩ ዙሪያ እያለፈ ያቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ወደኋላ እየሰፋ ይሄዳል፤ አየሩ ሦስት ሜትር ከግማሽ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከማክ 2 ወደ ግማሽ የድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፤ ግፊቱ ከሰባት ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ ከጠቅላላው ግፊትም ከ90 ከመቶ በላይ ይተርፋል። ኮምፕረሰሩ ራሱ አየሩን 12 ጊዜ ያህል ስለሚጨምቀው ሁለቱ ተባዝተው ወደ 80 ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለተነደፈ ሞተር ይህ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው። አየሩ በመጨመቁ ብቻ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ የነበረው ኮምፕረሰሩ ላይ ሲደርስ ወደ 120 ዲግሪ ይሞቃል።

አሁን ወደ 63 ከመቶው እንመለስ። ወደኋላ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ የታመቀ አየር ግድግዳውን ወደ ውጭ ብቻ አይገፋም፤ ግድግዳው ወደኋላ የተከፈተ ስለሆነ ከግፊቱ ከፊሉ ወደፊት ይሆናል። የማስገቢያው ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚያርፈው ይህ ወደፊት የሚገፋ ኃይል ከተደመረ ከሞተሩ አካል ላይ ከሚያርፈው ይበልጣል፤ በማስገቢያው ብሎኖች በኩል ወደ ክንፉ የሚተላለፈው ኃይል ያ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ቢጠፋና አየሩን መሳብ ቢያቆም ሣጥኑ በዚያው ቅጽበት ከሚገፋ ነገር ወደሚጎትት ነገር ይለወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ኃይሉ የትኛው የብረት ገጽ ላይ እንደሚያርፍ ይነግረናል እንጂ ኃይሉ ከየት እንደመነጨ አይነግረንም። ኃይሉ የመነጨው ሞተሩ ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ነው። ለብዙዎች ግራ የሚያጋባው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ማድረግ ነው።

ሞተር በማክ 2 ቢጠፋ ደግሞ ሳይጠጣ የቀረው አየር በሣጥኑ ውስጥ ተከማችቶ ጎረቤት ሞተሩን ጭምር ሊያውክ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰሌዳዎቹ እስከ መጨረሻው ይወርዳሉ፣ የሥሩ በር ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ትርፉ አየርም ወደ ታች ይፈሳል። ይህን ሁሉ የሰው እጅ ሊደርስበት አይችልም። ለአራቱ ማስገቢያዎች ስምንት ዲጂታል የመቆጣጠሪያ ሣጥኖች፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ተመድበው፣ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይተካው ነበር። እዚህ የተደረሰው በትግል ነው፤ በሙከራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ የመጀመሪያው ኮንኮርድ በማክ 2 እየበረረ ሳለ በአንደኛው ማስገቢያ በተነሣ ብርቱ የአየር መናወጥ አንድ ሰሌዳ ተገንጥሎበት በሰላም ማረፍ ችሏል። ኮንኮርድ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1976 ነው። የእኛ አስተያየት የሚጠየቅ ከሆነ፣ በዚያ አውሮፕላን ላይ ከታየው ውብ ክንፍ ይልቅ ያልታየው የማስገቢያ ሥራ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከቦሌ የሚነሡት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ሞተር አፍ ክብና የማይንቀሳቀስ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም የሳሳ ነውና፣ እንደ ኮንኮርዱ ተጨማሪ በር ቢኖራቸው አይሻልም ነበርን?

መልስ፦ አይረዳም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ስላነሰ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ረጅም ማኮብኮቢያ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ይፈልጋል። በር መጨመር የሳሳውን አየር አያወፍረውም። የትርፍ በር ጥቅሙ ሌላ ነው። የቆመ ሞተር አየርን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከኋላ ጭምር ስለሚስብ፣ ጠርዙ ስለታም ከሆነ አየሩ ሲታጠፍ ከጠርዙ ይላቀቅና ይረበሻል። ከድምፅ በላይ የሚበሩት ጠርዛቸው የግድ ስለታም ስለሆነ በር ያስፈልጋቸዋል። የመንገደኞቹ ግን በማክ 0.85 አካባቢ ስለሚጓዙና ሾክ ስለማያስጨንቃቸው ጠርዛቸው ወፍራምና ድቡልቡል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በሞተራቸው ሽፋን ዙሪያ በመሳብ ኃይል የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች ነበሯቸው፤ ከጊዜ በኋላ ጠርዙ በተሻለ ቅርጽ ሲሠራ በሮቹ ቀሩ።

ጥያቄ፦ አዲሶቹ ተዋጊ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ኤፍ-35፣ የሚንቀሳቀስ ማስገቢያ የላቸውም ይባላል። ቴክኖሎጂው ወደኋላ ተመለሰ ማለት ነው?

መልስ፦ የተለወጠው ፍላጎቱ ነው። የሚንቀሳቀስ ማስገቢያ ክብደት አለው፤ ሃይድሮሊክ፣ መቆጣጠሪያና የማያቋርጥ ጥገና ይጠይቃል፤ በሰሌዳዎቹ መካከል ያሉት ክፍተቶችና ጠርዞችም የራዳር ጨረር መልሰው ያንጸባርቃሉ። ከአየር ኃይላችን ተዋጊዎች መካከል ሚግ-23 በጎኖቹ ባሉት ማስገቢያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጣው ሱ-27 ደግሞ ከሥሩ ባሉት ማስገቢያዎች ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሰሌዳዎች አሏቸው፤ ሁለቱም ከማክ 2 በላይ እንዲበሩ የታሰቡ ናቸውና። ከእነዚህ በፊት የነበረው ኤፍ-5 ግን እስከ ማክ 1.6 ገደማ ብቻ ስለሚሄድ ቋሚ ማስገቢያ በቅቶታል። ኤፍ-35ም ወሰኑ ማክ 1.6 ነው፤ በበሩ ፊት ያለው እብጠት ሾኩን የሚያስነሣውም ደካማውን የአየር ሽፋን ወደ ጎን የሚገፋውም እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው ሥራውን ይሠራል።

ልዩነቱን በአንድ አውሮፕላን ላይ ማየት ለሚፈልጉ የአሜሪካው ቢ-1 ቦምብ ጣይ ይበቃል። የመጀመሪያው ቢ-1ኤ የሚንቀሳቀሱ ማስገቢያዎች ነበሩት፤ የታሰበለትም ፍጥነት ማክ 2.2 ነበር። ተከታዩ ቢ-1ቢ በራዳር ብዙም ሳይታይ ዝቅ ብሎ እንዲበር ሲታሰብ ማስገቢያዎቹ ቋሚ ተደረጉ፤ የአውሮፕላኑ የፍጥነት ጣሪያም ወደ ማክ 1.25 ወረደ።